ጠማማ ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ ሴራሚክ

ልስንና ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናሉ። ከላይ እስከ ታች ሁለት ሴንቲ ሜትር ያዘነበለ ግድግዳ ነጭ ቀለም ከተቀባ ባለቤቱ እንኳ ልብ ሳይለው ዕድሜውን ይኖርበታል። ሴራሚክ ግን አይሸፍንም። ግድግዳ ላይ ሴራሚክ መለጠፍ ባለመስመር ወረቀት እንደ መዘርጋት ነው፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ፣ አጠገቡ ያለው ማዕዘን፣ ወለልና ኮርኒስ ምን ያህል እንደጠመመ ለማንም ዐይን ያሳያል። ለዓመታት ሳይታወቅ የኖረ ጥመት ሴራሚኩ በተለጠፈ ማግስት ይወጣል። ከዚያ ባለቤቱ ለጣፊውን፣ ለጣፊው ለሳኙን፣ ለሳኙ ደግሞ ብሎኬት የደረደረውን ግንበኛ ይወቅሳል።

ወቀሳው ከንቱ አይደለም፤ ጥመት በየደረጃው ይጠራቀማልና። የመሠረቱ ሲባጎ ሲወጠር ማዕዘኑ ላይ ጥቂት ይሳሳታል። ኮንክሪት ሲሞላ የኮለኑ ሳጥን ይገፋል። ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር እንዲገናኝ ይጠማዘዛል፤ ልስኑም አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። የጭቃ ቤት ከሆነማ ግድግዳውን የያዙት እንጨቶች ራሳቸው ቀጥ ብለው አልበቀሉም። በጥንቃቄ በተሠራ ቤት ውስጥም ቢሆን አራት ማዕዘኑ ሁሉ ስኳድራ (ልክ ዘጠና ዲግሪ) የሆነ ክፍል ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ ሴራሚክ ለማስለጠፍ የተነሳ ሰው ክፍሉ ጠማማ ነው ብሎ ይጀምር። የሚቀረው ጥመቱ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነና የት እንደሚደበቅ መወሰን ነው። ይህ የሚወሰነው በሜትርና በእርሳስ፣ አንድም ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ነው። ሦስተኛው ረድፍ ከደረቀ በኋላ የማንም እጅ አያድነውም።

ጥመት ሁሉ አንድ አይደለም

ሰው በጥቅሉ “ግድግዳው ስኳድራ አይደለም” ሲል አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራ ነው። መጀመሪያ እነሱን መለየት ያስፈልጋል፤ መፍትሔያቸው አይመሳሰልምና።

አንደኛው፣ ሁለት ግድግዳዎች የሚገናኙበት ማዕዘን ዘጠና ዲግሪ አለመሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ ለግድግዳ ሴራሚክ ግን ጉዳቱ ከሁሉም ያነሰ ነው። ሁለቱም ግድግዳዎች ቀጥ ብለው የቆሙ ከሆነ፣ ማዕዘኑ ሰማንያ ስምንትም ሆነ ዘጠና ሁለት ዲግሪ ቢሆን፣ የእያንዳንዱ ግድግዳ ሴራሚክ በራሱ ፊት ላይ ያለ ችግር ይደረደራል፤ ማዕዘኑ ላይ ሲገናኙም ቁራጩ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ይኖረዋል። የማዕዘን ጥመት የሚያስቸግረው ወለሉ ላይ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ሌላ የሚያስቸግረው ነገር ከፋብሪካ በዘጠና ዲግሪ ተሠርቶ የመጣ ዕቃ ሲገባ ነው፦ የሻወር ሳህን፣ ገንዳ፣ የማዕድ ቤት ጠረጴዛ።

ሁለተኛው ግድግዳው ማዘንበሉ፣ ማለትም ቱንቢ አለመጠበቁ ነው። ዋናው ጠላት ይህ ነው፤ በትክክል የሚረዳውም ሰው ጥቂት ነው። ያዘነበለው ግድግዳ ጥፋቱን የሚያሳየው በራሱ ፊት ላይ አይደለም፤ ጎረቤቱ ላይ ነው። በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ወደ ውስጥ ካዘነበለ፣ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የመጨረሻው ቋሚ ረድፍ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ አንድን ግድግዳ ከማቀድ በፊት መለካት ያለባቸው በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ናቸው።

ሦስተኛው ግድግዳው ሆድ ማውጣቱ ወይም መሀሉ መጎድጎዱ ነው። ይህን በአሰላለፍ መደበቅ አይቻልም። የሴራሚኮቹ ጠርዝ ከፍና ዝቅ ይላል፤ መብራት በጎን ሲመታው ጥላ ይሠራል። የብሪታንያው መስፈርት ቢኤስ 5385 በስስ ማጣበቂያ ለሚለጠፍ ሴራሚክ፣ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ ግድግዳው ላይ ሲጋደም ከሥሩ ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሥራው የለሳኝ ነው፤ ማጣበቂያ እያወፈሩ ጉድጓድ መሙላት ገንዘብ መጨረስ ነው፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። በሲሚንቶ ሞርታር የሚለጥፍ ባለሙያ ትንሽ ሰፋ ያለ ነፃነት አለው፤ ሞርታሩ ራሱ ወፍራም ስለሆነ የተወሰነ ጉድለት ይውጣል። ነገር ግን ከሴራሚኩ ጀርባ ባዶ ቦታ እንዳይቀር መጠንቀቅ አለበት። በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሴራሚክ ምስማር ሲነካው ይሰነጠቃል።

አራተኛው ወለሉና ኮርኒሱ ውሃ ልክ አለመሆናቸው ነው፤ የታችኛውንና የላይኛውን ረድፍ ወደ አንድ ጎን እየቀጠነ እንዲሄድ ያደርጋል።

ልኬቱ

ለማዕዘን የሚያገለግለው የጥንቱ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ነው። ከማዕዘኑ ተነስቶ በአንዱ ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት ይደረጋል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 100 ከሆነ ማዕዘኑ ስኳድራ ነው። ከ100 ከበለጠ ማዕዘኑ ተከፍቷል፣ ካነሰ ጠቧል። ትንሽ መስሎ የሚታየው ልዩነት ሩቅ ይሄዳል፦ 101 ካሳየ፣ 2.40 ሜትር በሚረዝም ግድግዳ መጨረሻ ላይ ስሕተቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ቦታ ከተገኘ ትልቅ ሦስት ማዕዘን መጠቀም ይሻላል፤ 90፣ 120 እና 150።

ለማዘንበል ቱንቢ። ከላይ ምስማር ተመትቶ ቱንቢው ከግድግዳው ትንሽ ርቆ ይንጠለጠላል፤ ገመዱ መወዛወዝ ሲያቆም ከገመዱ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ይለካል። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ደስታ ነው። ከላይ 5፣ ከመሀል 6፣ ከታች 7 ካለ ግድግዳው ከላይ ወደ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር አዘንብሏል። ከላይ 5፣ ከመሀል 4፣ ከታች 5 ካለ ደግሞ ሆድ አውጥቷል ማለት ነው። ቁጥሮቹን እዚያው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፏቸው፤ ወረቀት ይጠፋል።

ለውሃ ልክ፣ ሌዘር ያለው በሌዘር ይሥራ፤ የሌለው ግልጽ ቱቦ ውሃ ሞልቶ ይጠቀም። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከሌለ የሁለቱ ጫፎች ውሃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ይህ መሣሪያ ርካሽ ነው ብሎ መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው። በዚህ መንገድ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ክፍሉን የሚዞር አንድ መስመር ይሰመራል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር የሚለካው ከዚህ መስመር እንጂ ከወለሉ አይደለም። ከመስመሩ ወደ ታች በአራቱም ማዕዘን ሲለካ 99፣ 99.5፣ 100 እና 100.5 ቢያሳይ፣ ወለሉ 1.5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለው፤ 100.5 ያሳየው ማዕዘን ዝቅተኛው ነው። የወለሉ ሴራሚክ ገና ካልገባ፣ የእሱና የማጣበቂያው ውፍረት ታስቦ መቀነስ አለበት።

ሰፊው ቁራጭ ይደብቃል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አንድ መታጠቢያ ቤት እንውሰድ፦ 1.80 በ2.40፣ ከፍታው 2.60። ሴራሚኩ 25 በ40 ነው፣ ቆሞ ይለጠፋል፤ በመካከሉ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። ከበሩ ሲገባ ፊት ለፊት የሚታየው የ1.80 ግድግዳ ነው። በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ደግሞ ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አዘንብሏል።

የተለመደው አሠራር ከግራ ማዕዘን በሙሉ ሴራሚክ መጀመር ነው። ሰባት ሙሉ ሴራሚኮች ከነክፍተታቸው 176.4 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ፤ ለቀኙ ማዕዘን 3.6 ይቀራል። ያ ከታች ነው። ከላይ ግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ስለገባ የሚቀረው 1.6 ነው። ውጤቱ ከታች ሁለት ጣት፣ ከላይ አንድ ጣት የማይሞላ ቀጭን ሰንበር ነው። መቁረጫው ላይ ግማሹ ይሰበራል፤ የተረፈውም ሲለጠፍ ቤቱ ጠማማ መሆኑን ለገባ ሁሉ ይናገራል።

አሁን ከመሀል እንጀምር። የግድግዳው እኩሌታ 90 ላይ በቱንቢ ቋሚ መስመር ይሰመርና አንድ ሴራሚክ መሀሉ መስመሩ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይታቀዳል። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሙሉ ከገቡ በኋላ ለማዕዘኑ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይቀርም። ይህ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው፤ “ከመሀል ከጀመርን ይስተካከላል” ብለው የሚያምኑ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። እንግዲህ ሴራሚኩን በግማሽ ገፋ እናድርገው፤ መስመሩ ላይ የሚያርፈው መገጣጠሚያው ይሁን። አሁን በየጎኑ ሦስት ሙሉ ገብተው 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀራል። ያው ያዘነበለ ግድግዳ፣ ያው 2 ሴንቲ ሜትር፤ ቁራጩ ግን ከታች 14፣ ከላይ 12 ሆነ። እዚህ ላይ ቆሞ ካልለካው በስተቀር ማንም አያየውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዐይን ሚሊ ሜትር አይቆጥርም፤ የሚያየው ድርሻን ነው። ከ3.6 ላይ 2 ሲጎድል ከግማሽ በላይ ሄደ፤ ከ14 ላይ 2 ሲጎድል ሰባተኛው እጅ ብቻ ነው። ጥመቱን ማጥፋት ካልቻሉ ሰፊ ቁራጭ ይስጡት። የሴራሚኩን ግማሽ የሚያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቁራጭ ማዕዘን ላይ እስኪወድቅ ድረስ መሀሉን ማንቀሳቀስ፤ የሙያው ዕቅድ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ይህን ሁሉ በጭንቅላት ማስላት ግድ አይደለም። ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ፈልጉ። ሴራሚኮቹን ክፍተቱን ከሚጠብቁት የፕላስቲክ መስቀሎች ጋር ወለል ላይ ደርድሩና እንጨቱን አጠገባቸው አጋድማችሁ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በቃ፤ ይህን የልክ እንጨት ግድግዳው ላይ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያንሸራተቱ ቁራጮቹ የት እንደሚወድቁ ማየት ይቻላል፦ ማዕዘኑ ጋ፣ መስኮቱ ጋ፣ የቧንቧው መውጫ ጋ፣ ሶኬቱ ጋ። ጥቅሙ ሌላም አለ፤ ካርቶኑ ላይ 25 በ40 ተብሎ የተጻፈው ሴራሚክ በእውነት ሲለካ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይችላል፤ እንጨቱ ግን የተያዘው ከራሱ ከሴራሚኩ ነው።

ከታች ወደ ላይም ሥርዓቱ ያው ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ ወለሉ ላይ አስቀምጦ መጀመር ትልቁ ጥፋት ነው፤ ወለሉ 1.5 ሴንቲ ሜትር ካዘነበለ ሁሉም ረድፍ እስከ ኮርኒስ አብሮ ያዘነብላል። ይልቁንም ከሁለተኛው ረድፍ ይጀመራል። ቀጥ ያለ ሞራሌ በውሃ ልክ ግድግዳው ላይ ይመታና ሴራሚኩ እሱ ላይ ይቀመጣል። ሞራሌው የት ይመታ? በእኛ ምሳሌ፣ የላይኛው ጫፉ ከወለሉ ዝቅተኛ ቦታ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ የታችኛው ረድፍ ሙሉ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ከላይ አምስት ሙሉ ረድፍ ገብቶ ለኮርኒሱ 19 ይቀራል። ሞራሌው ወደ 30 ዝቅ ከተደረገ ደግሞ የታችኛውም የላይኛውም ረድፍ 29 አካባቢ ይሆናሉ፤ በመሀል አምስት ሙሉ ረድፍ ይቀመጣል። ኮርኒሱም ወለሉም ጠማማ ከሆኑ እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ሁለቱም ቁራጮች ሰፊ ናቸውና። የጂፕሰም ኮርኒስ ወደፊት የሚገባ ከሆነ ግን ስለ ላይኛው መጨነቅ አያስፈልግም፤ ሴራሚኩ ከጂፕሰሙ በላይ ጥቂት አልፎ ይቆማል፣ ከታችም ወደ ሙሉ የቀረበ ረድፍ ማድረግ ይቻላል።

ይህ አሠራር ሴራሚክ ይበላል፤ መናገር ተገቢ ነው። የክፍሉ ግድግዳ በርና መስኮቱ ተቀንሶ 20 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ የአንዱ ሴራሚክ ስፋት 0.1 ካሬ ስለሆነ በስሌት 200 ይበቃል። ነገር ግን ከ25 ላይ 14 ሲቆረጥ የሚተርፈው 11 ለሌላው ማዕዘን አይበቃም። ቁራጮቹ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ከ230 አያንስም። ከአንድ ምርት፣ ከአንድ ቀለም ቁጥር፣ በአንድ ጊዜ መግዛት ነው፤ በኋላ አሥር ጎደለ ተብሎ ሲኬድ ያው ቀለም ላይገኝ ይችላል።

ማዕዘኑ ላይ

ያዘነበለ ማዕዘን ጋ ሲደረስ አንዱን ለክቶ ሁሉንም በዚያ ልክ መቁረጥ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከላይና ከታች ለየብቻ ይለካል። ሜትር ከመጠቀም የሚሻል ዘዴ አለ። የሚቆረጠውን ሴራሚክ ከተለጠፈው የመጨረሻ ሙሉ ሴራሚክ ላይ በትክክል ደርቡት። በእሱ ላይ ሌላ ሴራሚክ አድርጋችሁ ጠርዙን ከማዕዘኑ ግድግዳ ጋር አስጠጉ። የላይኛው ሴራሚክ ሌላኛው ጠርዝ በሥሩ ያለው ላይ የሚሠራው መስመር መቁረጫው ነው፤ ግድግዳው ቢያዘነብል መስመሩም አብሮት ያዘነብላል። ያልተሸፈነው ክፍል ቦታው ላይ የሚገባው ቁራጭ ነው፤ ለመገጣጠሚያውና ለማዕዘኑ ክፍተት 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይቀነስለታል። የተቆረጠው ጠርዝ ሁልጊዜ ወደ ማዕዘኑ፣ የፋብሪካው ጠርዝ ወደ ክፍሉ መሀል ይዙር።

ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ቀድሞ ይለጠፍ። የጎኖቹ ሴራሚኮች በኋላ መጥተው የእሱን የተቆረጠ ጠርዝ ይሸፍኑታል፤ በሩ ላይ ለቆመ ሰው ክፍተቱ አይታይም። ወደ ውጭ የወጣ ማዕዘን ሲኖር፣ ለምሳሌ በመስኮቱ አካባቢ፣ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሙሉው ሴራሚክ ጠርዙ ላይ ይሆናል፣ ቁራጩ ወደ ውስጥ፣ ወደ መስኮቱ ፍሬም ይገፋል።

ግድግዳው ከመጠን በላይ ካዘነበለስ? የእኔ መመዘኛ ቁጥር ብቻ አይደለም። ቁራጩን ሰፋ አድርጎም ጥመቱ ከቁራጩ አምስተኛ እጅ ከበለጠ፣ ወይም እዚያ ማዕዘን ላይ የሻወር መስታወት የሚገጠም ከሆነ ልስኑን ማስተካከል ይሻላል። በቱንቢ የተስተካከሉ የልስን ነጥቦች ግድግዳው ላይ ይቀመጡና መሀላቸው ይሞላል፤ ወፍራም ከሆነ በሁለት ዙር። ይህ ግን ክፍሉን ያጠባል። የሻወር ሳህኑ ወይም ገንዳው ተገዝቶ ከሆነ መግባቱን አስቀድሞ መለካት ነው።

ወለሉና የሚያጋልጡ ነገሮች

የማዕዘን ጥመት ወለሉ ላይ ይጠብቀናል ብዬ ነበር። በእኛ ክፍል ሁሉም ነገር ስኳድራ ቢሆን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ሰያፍ በሁለቱም በኩል 3 ሜትር ይሆን ነበር። አንዱ 3.02፣ ሌላው 2.98 ካሳየ፣ የ1.80ው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሸሽቷል። ወለሉ ከአንድ ግድግዳ ጋር ትይዩ መሆን ይችላል፤ ከሁሉም ጋር አይችልም። ከበሩ ሲታይ ዐይን የሚያርፍበትን ይከተል፤ እየጠበበ የሚሄደው ቁራጭ ሽንት ቤቱ ከተቀመጠበት ጀርባ ወይም ከበሩ በስተኋላ ይውደቅ። በዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ የግድግዳውና የወለሉ መገጣጠሚያ አንድ መስመር ይሁን ብሎ መጠየቅ ለባለሙያውም ለባለቤቱም መከራ ነው። የተለያየ መጠን ያለው ሴራሚክ ለግድግዳና ለወለል ከተመረጠ መስመሮቹ እንዲገናኙ የሚጠብቅ ዐይን አይኖርም።

ምርጫም ያግዛል። ነጭ ሴራሚክ ላይ ጥቁር ግራውት (የመገጣጠሚያ መሙያ) እያንዳንዱን መስመር ያጎላል፤ ከሴራሚኩ ቀለም ጋር የተቀራረበ ግራውት ደግሞ ያለዝባል። ኮርኒሱ ከጠመመ ከሥሩ የሚዞር የጌጥ ቦርደር ማስገባት አይመከርም፤ ቦርደሩ ውሃ ልክ ሆኖ ከኮርኒሱ ጋር ትይዩ ባልሆነ ክፍተት ይፋጠጣል። ዝቅ ብሎ፣ ደረት አካባቢ ከሆነ ግን የሚያነጻጽረው ነገር ስለሌለ ያምራል። ማዕድ ቤት ላይ ደግሞ መነሻው ወለሉ ሳይሆን የጠረጴዛው ፊት ነው፤ መጀመሪያ እሱ ውሃ ልክ መሆኑ ይረጋገጥ።

በካሬ ተዋውሎ የሚሠራ ባለሙያ ለልኬት የሚያጠፋው ሰዓት አይከፈለውም፤ ቶሎ መለጠፍ የሚፈልገውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው “የልኬቱን ቀን ለብቻው እከፍላለሁ” ብሎ መስማማት ፍትሐዊ ነው። በዚያ ቀን ማታ ግድግዳው ላይ የአንድ ሜትሩ መስመር፣ በየግድግዳው መሀል የቱንቢው መስመርና በየማዕዘኑ የቁራጮቹ ስፋት ተጽፎ መታየት አለበት። ባለቤቱ የልክ እንጨቱን ይዞ ከባለሙያው ጋር አንድ ዙር ይዙር።

ግድግዳው ተለጥፎ ከደረቀ በኋላ ሞራሌው ይነሳና የወለሉ ሴራሚክ ይገባል። የግድግዳው የታችኛው ረድፍ የሚለጠፈው በመጨረሻ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በተናጠል ተለክቶ፣ ከወለሉ ሴራሚክ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ይህ ክፍተትና ቋሚዎቹ ማዕዘኖች በግራውት አይሞሉም። ግድግዳና ወለል ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ግራውቱ ይሰነጠቃል፤ ውሃም በስንጥቁ ይገባል። እነዚህ ቦታዎች በሲሊኮን ይዘጋሉ።